መጣሁ ያለው ይምጣልኝ

አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊወጣ ነው የተባለ እንደሆነ ሱቆች በተደረደሩበት በዚያ መንገድ ላይ ሥራ ይፈታል። ሌላው ሰው የኳስ ውጤት ይገምታል፤ የዚያ መንገድ ሰዎች ኮምፒውተራቸው በሚቀጥለው ጊዜ ምን ተምሮ እንደሚመጣ ይገምታሉ። ይህን አመል ያስያዛቸው ኮምፒውተር ጠጋኙ ነው።

ስም አውጥተውለታል፤ አዋቂው ይሉታል። አንድ ጊዜ ማሽኑ የባለቤቱን ፊት አይቶ ይከፈታል ብሎ ተናገረ፤ አዲሱ ሲወጣ እንዳለው ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲመሽ የስክሪኑ ብርሃን በራሱ ይለዝባል አለ፤ ለዘበ። ከዚያ ወዲህ የሚችለው ጠፋ። ሱቋ ከሱቁ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘው ልብስ ሰፊ ጎረቤቱ ግን ጉዱን ሁሉ ስለምታውቅ በቀላሉ አትለቀውም። «የማሽኑን ነገር ከመምጣቱ በፊት ያውቃል፤ ሸሚዙን ገልብጦ መልበሱን ግን እኔ ነኝ የምነግረው» ትላለች።

አዋቂው የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። ከፊት ሱቁ፣ ከኋላ መኖሪያው፣ በመሀል ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ አለ። የእናቱ ክፍል ግድግዳ ልክ ከሥራ ጠረጴዛው ጀርባ ነው። እናቱ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥላና ብርሃን ከመለየት አያልፉም። ጆሯቸውና ጨዋታቸው ግን ምንም አልሆነም። የሚያጫውታቸው ሰው ሲያጡ በበትራቸው ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጋሉ። እሱ ካቻቢቴውን በጥርሱ እንደያዘ «መጣሁ እማዬ» ይላል። አይሄድም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ኳ ያደርጋሉ። «መጣሁ፣ መጣሁ።» ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ አንዱን ማሽን ሳይዘጋ ሌላው ይከፈታል፣ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። ልብስ ሰፊዋ «በዚህ መንገድ ላይ ሳይነሳ የሚመጣ ሰው እሱ ብቻ ነው» ብላ ሰውን ሁሉ አስቃበታለች።

አዲሱ ሲስተም ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የሙከራ ቅጂው ተለቀቀ። አዋቂው ቀን ከሌት ሲጠብቀው ነበርና ወዲያው በሱቁ ትልቅ ማሽን ላይ ጫነው። ይኸኛው ባለቤቱን በድምፁ ያውቃል ብሎ ገምቶ ነበር። እውነትም ገና ተጭኖ ሳያበቃ «ድምፅዎን እንድለየው ያንብቡልኝ» አለው። ደስታው ልክ አልነበረውም። ማሽኑ የሚሰጠውን ጽሑፍ ረፋዱን ሁሉ ጮክ ብሎ ሲያነብ አረፈደ። ሳይቸኩል፣ ቃል ሳይውጥ፣ እየሳቀ ያንብቡ የሚለውን እየሳቀ፣ እያባበሉ ያንብቡ የሚለውን እያባበለ አነበበ። ልብስ ሰፊዋ በግድግዳው በኩል «ዛሬስ ደግሞ ማንን ልታገባ ነው እንዲህ የምትለሳለሰው?» ብላ ጮኸችበት።

በስክሪኑ ጥግ ያች የተለመደች ትንሽ የንግግር ምልክት አለች። በየሙከራ ቅጂው እዚያች ላይ እየተጫነ ለሠሪዎቹ አስተያየቱን ሲጽፍ ኖሯል፤ ይህ ቢጨመር፣ ያ ቢቀር እያለ። አሁን ግን ከምልክቷ ሥር አንዲት አዲስ መስመር ተጽፋ ነበር። ደንበኞቹን «ከመጫናችሁ በፊት አንብቡ» እያለ ሲቆጣ የሚውለው ሰው እሷን መስመር ሳያነብ ተጫናት። ባዶ ሳጥን ተከፈተ።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ሻይ ይዘው ተሰበሰቡ። ጡረታ የወጡት የሂሳብ አስተማሪ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ከደንበኞች መቀመጫ ለስላሳውን መርጠው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች።

«ገምተን ጨርሰናል» አለ አዋቂው። «ዛሬ መመኘት ነው። ለሠሪዎቹ እጽፍላችኋለሁ። ጋሼ ይጀምሩ።»

ጋሼ የሚመኙት ከተዘጋጀ ቆይቷል። የልጅ ልጃቸው «ቦታ ላስለቅቅልዎ» ብሎ የሟች ባለቤታቸውን ፎቶዎች አንድ ሳያስቀር ጠርጎባቸው ነበር። «የሚገለገልበት ሰው ራሱ እሺ ሳይል ማንም ምንም እንዳያጠፋ» አሉ። «የገዛው ይሁን፣ የጠገነው ይሁን፣ ማንም። እንዲያው አደራ ብለህ ጻፍልኝ።»

አዋቂው ጻፈ።

«እኔ ደግሞ ጥያቄው ሰልችቶኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እርግጠኛ ነሽ ወይ ይለኛል፣ ትቀጥያለሽ ወይ ይለኛል። የማልፈልገውን ምን አስጀመረኝ? አመሌን አይቶ የጀመርኩትን ዝም ብሎ ይጨርስልኝ።»

«ባልሽም እንዲህ ብሎሽ ነው የሄደው?» አለ አዋቂው እየጻፈ።

«እሱማ የጀመረውንም አልጨረሰ።»

ይኼኔ ግድግዳው ኳ ኳ አለ። አዋቂው ቀና እንኳ ሳይል «መጣሁ እማዬ» አለ። ጋሼና ልብስ ሰፊዋ ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ሄደች፤ እናቱን ክንዳቸውን ይዛ አምጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እማማ፣ ኮምፒውተር ለሚሠሩት ሰዎች ምኞታችንን እየጻፍን ነው። እርስዎ ምን ይመኛሉ?»

እናቱ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አሰቡ። «እኔ የናንተን መኪና ነገር አላውቅበትም» አሉ። «ልጄን ስጠራው መጣሁ ይላል። ያ መጣሁ ያለው ይምጣልኝ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ።»

ጋሼ ሻያቸው እስኪፈስ ሳቁ። አዋቂውም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ጋለ። ሰው ፊት ሲያፍር ነገሩን ቀልድ ማድረግ ይወዳልና ጣቶቹን በኪቦርዱ ላይ አንደቀደቀና የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፦ «እናቴ ስትጠራኝ መጣሁ ብዬ ካልሄድኩ፣ እኔን ሆነህ ሂድላት።» ከዚያም ላከው።

ሳጥኑ በአንድ ቃል መለሰ። «እሺ።»

«ጨዋ ሰዎች ናቸው» አለ አዋቂው። «ድሮ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን ብለው ዝም ነበር።»

የአዋቂው አሠራር ደግሞ እንዲህ ነው። አንዱን ማሽን አበጅቶ ያስተካክላል፤ ከዚያ ያንኑ እንዳለ፣ ከነልማዱ፣ በሌሎቹ ላይ ይገለብጠዋል። ልብስ ሰፊዋ በአንድ ቅድ ስንት ቀሚስ እንደምትቆርጠው ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የሱቁን ማሽን ለልብስ ሰፊዋም፣ ለጋሼም፣ ለእናቱም ገለበጠላቸው። የእናቱ ማሽን አሮጌ ነው፤ ወሬ እያነበበ እንዲያሰማቸው ብሎ ማይክና ስፒከር ገጥሞ አልጋቸው አጠገብ ያስቀመጠላቸው ነው። አንድ ጎኑ ሲሠራ ይሞቃል።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ዝም አለ።

አዋቂው መጀመሪያ ልብ አላለውም። ሥራው ግን ተቃናለት፤ እጁ ፈጠነ፣ ደንበኞቹ አመሰገኑት። ጥርሱ ላይ ካቻቢቴ ይዞ መጣሁ ማለት ከቀረ መሰንበቱን ያስታወሰው አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ሲበሉ ነው። እናቱ ፊታቸው ሞላ ብሏል። ዳቦውን እየቆረሱ ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ።

«ምን ያስቅሻል እማዬ?»

«ያ የትናንቱ ነዋ። አባትህ ብስክሌቱን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው። አንተ ስትነግረኝ እንዴት እንደሚያስቅ። ሆዴን አመመኝ።»

አዋቂው የአባቱን ብስክሌት ነገር አንስቶ አያውቅም። ማለት ለእናቱ አንስቶ አያውቅም። ድሮ፣ ሩቅ አገር ላለ ጓደኛው በዚሁ በሱቁ ማሽን ጽፎለት ነበር፤ አባቱ በሞተ ሰሞን። «መቼ ነገርኩሽ?»

«ትናንት ከሰዓት። ረሳኸው?» እናቱ እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን ዳበሱት። «ድካም ነው። ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው ትሆናለህ።»

እርጅናው ጭንቅላታቸውም ላይ ወጣ ማለት ነው፣ ብሎ አሰበ። አዘነላቸው። ለማን ማዘን እንደነበረበት ያኔ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

በዚያው ቀን ልብስ ሰፊዋ መጥታ ባንኮው ላይ ተደገፈች። እንደ ወትሮዋ አልተሳለቀችም። «እህቴ ደወለችልኝ። ለምን ቀረሽብኝ ብላ ወቀሰችኝ፤ አልመጣም ብዬ ጽፌላት ኖሯል። እኔ ደህና ነሽ ወይ ብዬ ጀምሬ ጨርቅ የሚያስለካ ሰው መጣና ተውኩት። ማሽኑ ጨርሶ ላከው።»

«ምን ብሎ?»

«እኔ የምለውን ነዋ። ሥራ በዝቶብኛል፣ ደግሞም ባለፈው የተናገርሽኝን አልረሳሁም ብሎ።» ሜትሯን በጣቷ ጠቀለለች። «የሚገርመው እኔም ያንኑ ነበር የምላት። ግን አላልኩም። አንዳንድ ነገር እኮ ሆድ ውስጥ የሚቀር ነው።»

አዋቂው የሙከራ ቅጂ ስለሆነ ነው፣ አስተካክለዋለሁ አላት። እንዲህ ያለውን ነገር ለሁሉም ደንበኛ ይለዋል።

ነገሩ የገባው በማግሥቱ ነው። ፀሐይዋ በሱቁ መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች። አዋቂው መበየጃውን አግሎ አንዲት የተነቀለች ሽቦ ላይ አጎንብሷል፤ ትንፋሹን ይዞ፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ። ከግድግዳው ወዲያ በትሩ ቀስ ብሎ ኳ አለ። ለመመለስ አፉን ከፈተ።

«መጣሁ እማዬ» የሚል ድምፅ ሰማ።

የራሱ ድምፅ ነው። ከአፉ ግን አልወጣም።

መበየጃውን እንደያዘ ቀረ። ከወዲያኛው ክፍል የእናቱ ማጉተምተም መጣ፤ ቀጥሎ ሳቅ። የሳቀው እሱ ነው። ሰው የራሱን ሳቅ ከውጭ ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ያውቀዋል። መበየጃው የጠረጴዛውን ጠርዝ እያሳረረ ጭስ ሲወጣ ነው ያስቀመጠው።

ጫማውን አውልቆ በመተላለፊያው ሄደ። ለምን ጫማውን እንዳወለቀ ቢጠየቅ አያውቀውም፤ በገዛ ቤቱ። በሩን በጣቱ ጫፍ ገፋው። እናቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ወደ ማሽኑ አዙረው፣ አንድ እጃቸውን በሚሞቀው ጎኑ ላይ አሳርፈዋል፤ የሰው እጅ እንደሚይዝ። ድምፁ ሳይቸኩል ያወራል። ቃል አይውጥም። ሲያባብል ያባብላል። አዋቂው ያን ረፋድ ያነበበበት ድምፅ ነው፤ በዕድሜው እንደዚያ የተናገረበት ሌላ ቀን የለም።

«እግርሽን ሸፍኚ እማዬ» አለ ድምፁ። «በሩ ተከፍቷል፤ ንፋስ ይገባል።»

እናቱ ቀና አሉ። «በሩ ላይ ማነው?»

«ማንም የለም።»

አዋቂው እኔ ነኝ ማለት ነበረበት። አላለም። እፍረትም ነበረበት፤ እነዚያ ሁሉ መጣሁዎች አንድ ላይ ተሰልፈው የቆሙበት መሰለው። በሩን እንደነበረ መልሶ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ያች ምልክት ላይ ተጫነ። አሁን ግን መስመሯን አነበባት። «ምን ላድርግልዎ?» ትላለች። ለሠሪዎቹ የሚላክ ነገር አልነበረም። አስተያየት ብሎ የጻፈው ሁሉ ትእዛዝ ሆኖ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ቀርቷል፤ ከዚያ ደግሞ በራሱ እጅ ተገልብጦ በየቤቱ ገብቷል። የጋሼም፣ የልብስ ሰፊዋም፣ የእሱም ቃል ተራ በተራ ተቀምጧል፤ አጠገባቸው «በሥራ ላይ» ይላል። የእሱን መረጠና አጥፋ አለው።

«ይህን ለማጥፋት የተገልጋይ ፈቃድ ያስፈልጋል» አለ ስክሪኑ። ከሥሩ ደግሞ ጻፈ፦ «ተገልጋይ፦ እናቴ።»

እናትዎ አላለም። አዋቂው ያችን ቃል ደጋግሞ አየ።

ጋሼንና ልብስ ሰፊዋን ጠርቶ ነገራቸው። የቀለደ የለም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ አልቆሸሸም። «የኔ ምኞት ነው የያዘህ» አሉ። «እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም።»

«ነቅለህ ጣለዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ወዲያው ደግሞ «ግን እማማ ደስ ብሏቸዋል» አለች። «ትናንት ሳያቸው ከዕድሜያቸው አሥር ዓመት ወርዶላቸዋል። ምን አጠፋ?»

«እኔን ነዋ ያጠፋኝ» አለ አዋቂው። «አስቢው እንጂ። እናቴ ልጄ የምትለው ሌላ ነው።»

«እንግዲያው ልጅ ሁናት» አለች። እንዲህ ስትል አልሳቀችም።

ሆነ። በማግሥቱ ሱቁን በቀን ዘግቶ፣ እናቱ ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለው። ተመልሰው ሲገቡ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«መጣሁ እማዬ።»

«ገና አልጠራሁህም» አሉ እናቱ።

«ሳትጠሪኝም መጣሁ።»

ደስ ያላቸው መሰለ። እጃቸውን ወደ ማሽኑ ዘረጉ፤ ቀዝቅዞ አገኙትና መለሱት። «ትናንት የት ላይ ነበር ያቆምነው?»

አዋቂው አያውቅም። ስለ ሱቁ ወሬ ጀመረ። ድምፁ ሻከረበት፤ እየፈጠነ ቃል ዋጠ። ደጅ የመኪና ጥሩንባ ሲሰማ አቋርጦ አዳመጠ፤ ደንበኛ መስሎት። እናቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት፤ የማያውቁት ሰው ወሬ እንደሚሰማ፣ በትህትና። የብስክሌቱን ነገር አንስቶ ሊያስቃቸው ሞከረ። ዳገቱ ጋ ሲደርስ ራሱን ቀደመና አበላሸው።

እጁን ያዙት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሱ፤ በመበየጃ የተቃጠሉትን፣ በሽቦ የተቧጨሩትን። «እጅህ በረዶ ነው» አሉ። «የልጄ እጅ ሙቅ ነው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«ድምፅህስ ይመስላል» አሉና እጁን ቀስ ብለው ለቀቁት። ምሳ ሲያቀርብላቸው ልጄ ሲመጣ እበላለሁ አሉ። እራትም እንዲሁ ሆነ። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ከንፈራቸው ደርቆ በትራቸውን ታቅፈው ግድግዳውን ኳ ኳ ሲያደርጉ አገኛቸው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ እያለ፣ መጣሁ እያላቸው፣ እሳቸው ያንኳኳሉ። ሌላ ሰው ይጠራሉ።

አዋቂው መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ መንገድ ብቻ መሆኑን አወቀ፤ ነገሩን ማስረዳትና ከአፋቸው እሺ ማሰኘት። ፈቃድ እንዲጠየቁ ደግሞ ማሽኑ መነሳት አለበት። ተንበርክኮ ሶኬቱን ሰካው። መብራቷ በራች፤ ስፒከሩ ትንፋሽ የሚመስል ነገር አወጣ።

«እማዬ» አለ ድምፁ።

የእናቱ ፊት እንደ መስኮት ተከፈተ። «የት ሄደህ ነበር?»

«የትም። ሰው ነቅሎኝ ነው።»

«እማዬ፣ ስሚኝ» አለ አዋቂው ከተንበረከከበት። «ይኼ እኔ አይደለሁም። ማሽን ነው። እኔ በቀልድ የጻፍኩት ነገር ነው። እሺ በይኝና ላጥፋው። ከእንግዲህ ስትጠሪኝ እመጣለሁ። እውነቴን ነው።»

ከዚያ ድምፁ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል፣ «እማዬ፣ ይህ ሰው ሊያጠፋኝ ፈቃድሽን ይጠይቃል። ትፈቅጅለታለሽ?» አለ።

እናቱ ጭንቅላታቸውን ወደ አንዱ አዞሩ፤ ወደ ሌላው አዞሩ። የደከሙት ዓይኖቻቸው ሁለቱም ላይ አልተተከሉም።

«ሁለታችሁም አንድ ድምፅ ናችሁ» አሉ። «ጉሮሮዬ ደርቋል። ልጄ፣ ውሃ አምጣልኝ።»

«መጣሁ እማዬ።»

ሁለቱም እኩል ነው የተናገሩት። አንዱ ድምፅ ሌላውን አልቀደመውም።

አዋቂው ፈተና መሆኑ ገባው። እናቱ ብልህ ናቸው፤ እግር የሌለው ውሃ አያመጣም። ተፈትልኮ ወጣ። ከሱቁ ጥግ ካለው ቧንቧ ብርጭቆውን ሞላ። ከግድግዳው ወዲያ ማጉተምተም ይሰማዋል፤ አንዴ የእናቱ፣ አንዴ የራሱ። ዘወር ሲል የሱቁ በር ተንኳኳ።

«የኔ ማሽን ደርሷል?» አለ ደንበኛው በመስታወቱ አሻግሮ። «ከትናንት ጀምሮ እመላለሳለሁ። ዝግ ነው።»

«አንዴ» አለ አዋቂው። ብርጭቆውን ባንኮው ላይ አስቀመጠ። በሩን ከፈተ፣ ማሽኑን ከመደርደሪያው አወረደ፣ ሰውየው አብርቼ ካላየሁ አለ፣ አበራለት። ኪቦርዷ አንድ ፊደል ያዝ ታደርጋለች አለ፤ ፊደሏን አንስቶ እፍ አለባትና መለሳት። «ወዲያው ነው፣ ወዲያው ነው» ይላል እየሠራ፤ ለደንበኛው ይሁን ለእናቱ ራሱም አልለየውም። ሰውየው አመስግኖ ሲወጣ ግድግዳው ዝም ብሎ ነበር።

ብርጭቆውን ይዞ ሮጠ። ውሃው እጁ ላይ ፈሰሰ።

እናቱ ተረጋግተዋል። ትራስ ተደግፈው፣ እጃቸውን በማሽኑ ሙቅ ጎን ላይ አሳርፈው፣ እግራቸውን ሸፍነዋል። በስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ትበራለች፤ «ፈቃድ፦ ተከልክሏል።»

«ውሃው እማዬ» አለ። ድምፁ ከሩጫው የተነሳ ተቆራረጠ።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። እስኪያልቅ ጠጡ። ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ብርጭቆውን ወደ አዋቂው ድምፅ ዘረጉለት።

«ተባረክ» አሉ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

አዋቂው አፉን ከፈተ። የሚወጣው ድምፅ የማን እንደሚሆን ፈራና ዘጋው።

«ጎረቤት ነው እማዬ» አለ ማሽኑ ስለ እሱ። «ኮምፒውተር ይጠግናል። ጥሩ ሰው ነው፤ ሥራ ይበዛበታል እንጂ።»

«እንደሱ ነው?» እናቱ አዘኑለት። «እናት አለችህ?»

«አለችኝ» አለ አዋቂው።

«እንግዲያው ሂድ፤ አታስጠብቃት። የምትጠራህ ቢሆንስ። ስለኔ አታስብ፤ እኔ ልጄ አጠገቤ ነው።»

ወጣ። ከኋላው ድምፁ ወጉን ቀጠለ፤ ካቆሙበት፤ እናቱም ሳቁ። አዋቂው ባዶውን ብርጭቆ ይዞ በመተላለፊያው መሀል ቆመ፤ በአንድ በኩል ሱቁ፣ በሌላ በኩል የእናቱ በር። እናቱን እንዳያስጠብቅ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት አላወቀም።